ኮፍያው እጀታው ላይ ሲሰቀል

ባሌ ኮፍያውን የክፍሉ በር እጀታ ላይ ከሰቀለ ማንም አያንኳኳም። ቤታችን ውስጥ ከዚህ የጠበቀ ሕግ አልነበረም። ቤቱ ቢቃጠል ጭሱ ራሱ በበሩ ስር ገብቶ ይንገረው እንጂ እኛ አንነግረውም እያልን እንስቅ ነበር። ኮፍያው ግራጫ ነው፤ ጫፉ የተበላ፣ እኔው ደጋግሜ የጣፍኩት። ከተጋባን ጀምሮ ልጥለው እፈልግ ነበር፤ እሱ ደግሞ በእኔና በኮፍያው መካከል ምረጥ ቢባል ጥቂት ሳያስብ የሚመልስ አይመስለኝም ነበር።

ሥራው ፕሮግራም መጻፍ ነው። ይህን ብቻ ብላችሁ ካለፋችሁ ግን ቅር ይለው ነበር። የወጣትነት ዘመኑን የጨረሰው የኮምፒውተር መሣሪያ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው፤ እዚያም የሚጽፈው እንደ ማንኛውም ሰው ተራ ፕሮግራም ሳይሆን ከርነል የሚሉትን፣ የማሽኑን እምብርት ነበር። ማሽኑ ሲበራ ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳው፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ተራ የሚያስይዘው፣ አንተ ሥራ፣ አንተ ተኛ እያለ የሚያዘው እሱ ነው አሉ። ስለዚህ ነገር ከማውራቱ ብዛት የሥራ ጓደኞቹ «እምብርት» የሚል ስም አወጡለት። ሠርጋችን ላይ ሳይቀር «ሙሽራው እምብርት» እያሉ ሲጠሩት እናቴ የሆነ በሽታ ደብቀውን ይሆን ብላ ተጨንቃ ነበር።

«እዚያ ውስጥ እኮ» ይለኝ ነበር ዓይኑ እያበራ፣ «ማንም አይንካኝ ብለሽ መዝጋት ትችያለሽ። የያዝሽውን እስክትጨርሺ የሚያስነሳሽ ኃይል የለም። የሚፈልግሽም ቢኖር በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቶሎ እንደምትወጪ ያውቃላ።»

«ደስ ይላል። ከየት ነው የሚገዛው?» እለው ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አንድ ቁልፍ ተክዬ ሳልጨርስ የውጭ በር የሚንኳኳብኝ፣ ወተት የሚገነፍልብኝ፣ ጎረቤት ክር የሚበደረኝ ሴት ነኝ።

ድርጅቱ ተዘጋ፤ ባሌም ከእምብርቱ ወጣ። ሕጉን ግን ይዞት ወጣ። ኮፍያው እጀታው ላይ መሰቀል የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በሩን ከፍተን ብንገባ እንኳ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ መዳፉን ወደ እኛ ያነሳና «የተጀመረ ሥራ አይቋረጥም» ይላል። በቁጣ አይደለም፤ ባሌ ቁጡ ሰው አይደለም። እንደ እምነት ነው የሚናገረው።

ታናሽ ወንድሜ ይህን ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚያስመስለው ብታዩ። ከጓሮ ባለችው ክፍል ከእኛ ጋር ነበር የሚኖረው፤ ባሌን ጋሼ ነው የሚለው። ጢሙን እየተላጨ ምሳ ቀረበ ስለው ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል መዳፉን ያነሳና ድምፁን አወፍሮ «የተጀመረ ሥራ አይቋረጥም፣ እትዬ» ይለኛል። ባሌ ራሱ ሳቁን መቆጣጠር እስኪያቅተው ድረስ ይስቅ ነበር። ሁለቱ አማችና አማች ሳይሆኑ አብረው ያደጉ ነበር የሚመስሉት።

የወንድሜ ሥራ አሸዋ ማውጣት ነው። ከሰፈራችን በታች ወንዝ ያልፋል፤ ከላይ ግድብ ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ ወንዙ ቀጭን ውሃና ሰፊ አሸዋ ነው። ሰዎች አካፋ ይዘው ይወርዱና ለግንበኞች የሚሸጥ አሸዋ ይጭናሉ። ከላይ ሩቅ አገር ዝናብ ጥሎ ግድቡ ሲሞላ ግን እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እያለ የግድቡ በር ይከፈታል። ያን ጊዜ ወንዙ ውስጥ ያለን ሰው የሚያተርፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳርና ዳር የተተከለው ሳይረን። ሳይረኑ ሲጮህ አካፋህን ይዘህ ትወጣለህ። ካልጮኸ ምንም የለም ማለት ነው፤ ትሠራለህ። የወንዙ ሰዎች ሕግ ይኸው ነበር።

ባሌ የተቀጠረው በዚሁ ግድብ መሥሪያ ቤት ነው። የሳይረኑን ፕሮግራም እንደ አዲስ ጻፍ ሲባል እንደ ሕፃን ነው የተደሰተው። የድሮው ዘገምተኛ ነው፣ ሳይረን ደግሞ የብልጭታ ያህል እንኳ መዘግየት የለበትም አለ። «ከርነል ውስጥ የምንጠቀምበትን መቆለፊያ አምጥቼ እዚህ ተከልኩት» ብሎ ሲነግረኝ ቤት የሠራ ሰው ይመስል ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በስብሰባ ላይ አመሰገነችው። እሱም የልብ ልብ ተሰማውና ሌላ ሐሳብ ጨመረ፤ የግድቡን በር የሚከፍተው ኦፕሬተር ሥራ በጀመረበት ሰዓት ስልክ እንዳያነሳ፣ በመሃል የሚያቋርጠው ነገር እንዳይኖር። ይህም ጸደቀ፤ በኦፕሬተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ፕሮግራሙ አንድ ክረምት ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። ወንድሜ ወንዝ ውስጥ ሳይረኑ በጮኸ ቁጥር «የምትሰሙት ጋሼን ነው» እያለ ይኩራራ ነበር አሉ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ እየሳቀ ገባ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ውሃው ቀደመህ። ሳይረንህ ኋላ ኋላው ሲሮጥ ነበር የመጣው።»

እኔ ሳቅኩ። ውሃው ትንሽ ነበር፤ በሩን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የከፈቱት። ባሌ ግን ዳቦውን አስቀመጠ።

«ምን ያህል ቆይቶ ጮኸ?»

«እኔ እንጃ። ወጥቼ፣ እግሬን አድርቄ፣ ጫማዬን አድርጌ ጨርሼ ነበር።»

«ከመጮሁ በፊት ምንም አልሰማህም? ጭር እንኳ አላለም?»

«ምንም። ጋሼ፣ ምነው? ወጣን እኮ።»

ባሌ ተነሳና ክፍሉ ገባ፤ ኮፍያው እጀታው ላይ ተሰቀለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኔ ያን ዕለት ይህ ተረት ትዝ አላለኝም፤ ወንድሜም እርጥብ ሱሪውን ገመድ ላይ አሰጥቶ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ደስ አይሉም ነበር። ባሌ መሥሪያ ቤት ውሎ ይመጣና በሩን ይዘጋል። እዚያ ባለው ትልቅ ማሽን ላይ ፕሮግራሙን ደጋግሞ ሞክሮት ምንም ጥፋት አላገኘበትም። ግድቡ ላይ ያለው ግን ትልቅ ማሽን ሳይሆን ትንሽዬ ሳጥን የመሰለ ኮምፒውተር ነው፤ የዚያን አምሳያ ይዞ ቤት መጣ። ምግብ ይቀርብለታል፣ ግማሹን ይተወዋል። አንድ ጊዜ ልብሱን ላነሳ ገባሁ።

«ምን አግኝተህ ነው?» አልኩት።

«ገና ነው።»

«ገና የሆነውን ነገር ንገረኛ።»

«ያልጨረስኩትን አልናገርም። ግማሹን ነግሬሽ ውሸት ቢሆንስ? ሰው አስደንግጬ፣ ሥራ አስፈትቼ?»

«ወንድሜ እኮ በየቀኑ እዚያ ነው የሚወርደው።»

መዳፉን አነሳ። እንደ ወትሮው አልነበረም፤ የሚለምን ሰው እጅ ነበር የሚመስለው። «ትንሽ ታገሺኝ። ደርሼበታለሁ» አለኝ። ፈርቷል። ባሌ ሲፈራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ የፈራው ደግሞ ሳይጨርስ መናገርን ነበር። ይህን ሳስበው ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

በማግስቱ ሥራ አልገባም። ጠዋት ኮፍያው እጀታው ላይ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ እኔና ጎረቤቴ ሳሎን ውስጥ ባለችን አንዲት የልብስ ስፌት መኪና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እንሰፋለን። ወንድሜ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከጓሮ መጣና በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እትዬ፣ ጋሼን አንድ ነገር ልጠይቀው ነበር።»

«ምን?»

«ዛሬ ልውረድ ወይስ ይቅርብኝ ልለው ነበር። ትናንት ፊቱን ሳየው አላማረኝም።»

«ላንኳኳልህ?» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ተይው፣ ተይው። እዚያ ውስጥ ዘግቶ የተቀመጠው ለኛው ብሎ አይደል?» አለ።

አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆየ። የኪቦርዱ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤ ፈጣን ነው፣ ያለ ፋታ። በሁለቱ መካከል የነበረው አንድ የእንጨት በር ብቻ ነበር። ጎረቤቴ ቁጭ በል ብትለው ቆሜ ይሻለኛል አላት። ከመንገዱ ጓደኞቹ ስሙን እየጠሩ ሲያልፉ አካፋውን አነሳ፤ ወደ ተዘጋው በር ዞሮ መዳፉን ከፍ አደረገና እኛን ለማሳቅ ድምፁን አወፈረ።

«የተጀመረ ሥራ አይቋረጥም።»

ሳቅን። ወጥቶ ሄደ።

ባሌ በሩን ሲከፍት የተማሪዎቹ ኮት እጅጌ ላይ ደርሰን ነበር። ኮፍያው መሬት ላይ ወደቀ፤ አላነሳውም። ፊቱ ላይ ደም የሚባል የለም፤ ግን ሰው የፈለገውን ሲያገኝ የሚኖረው ብርሃንም አለበት። እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«አገኘሁት» አለ።

«ምኑን?»

ዙሪያውን ተመለከተ። እኔ መኪናው ፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጎረቤቴ መቀሱን ይዛ ቆማለች።

«ይኸውላችሁ። አንቺ ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ መቀስ ትጠብቂያለሽ። እሷ ደግሞ መቀሱን ይዛለች፤ ግን የጀመረችውን ቆርጣ ለመጨረስ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አለባት። ወንበሩ አንድ ነው። አንቺ አለቃ ስለሆንሽ ተነሺ የሚልሽ የለም። እሷ ወንበር ካላገኘች አትጨርስም፤ ካልጨረሰች መቀሱን አትለቅም። አንቺ ደግሞ ጨረስሽ? ጨረስሽ? ጨረስሽ? እያልሽ እዚያው ተቀምጠሽ ትቀሪያለሽ።»

ጎረቤቴ መቀሱን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የውሃውን መጠን የሚመዘግበው የፕሮግራሙ ክፍል መቀሱን፣ ማለት መቆለፊያውን፣ ይዞ እያለ ከወንበሩ፣ ከማሽኑ የሥራ ቦታ፣ ያነሱታል፤ ሳይረኑ በማዕረግ ስለሚበልጥ ይቀመጥና መጠበቅ ይጀምራል» አለ፤ እየፈጠነ ነበር። «ከርነል ውስጥ መቀስ የያዘን ማንም ከወንበሩ አያስነሳውም። ስለዚህ የሚጠብቀው ብዙ ሳይቆይ ተራው ይደርሰዋል። እኔ መቆለፊያውን ብቻ ነው ያመጣሁት፤ ያን መብት ማምጣት አይቻልም። ተራ ፕሮግራም መሃል ላይ ተነስ ሲባል ይነሳል። መሥሪያ ቤት ያለው ማሽን ብዙ ወንበር አለው፤ ለዚያ ነው ያልታየኝ። የግድቡ ሳጥን አንድ ብቻ ነው ያለው። ሳጥኑ ራሱ ደንዝዣለሁ ብሎ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ ሳይረኑ አይ...»

«ስለዚህ ላይጮህ ይችላል» አልኩት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከአፉ ቃል ነጥቄው አላውቅም ነበር። ቆመ።

«ላይጮህ ይችላል። ወንድምሽ የት ነው?»

«በርህ ላይ ቆሞ ጠበቀህ። ከዚያ ሄደ።»

ስልኩን አወጣና ለግድቡ ኦፕሬተር ደወለ። ድምፁን ከፍቶት ስለነበር ሁላችንም እንሰማለን። ይጠራል። ይጠራል። ዘጋና እንደገና ደወለ። ይጠራል።

«ለምንድን ነው የማያነሱት?» አለች ጎረቤቴ።

ባሌ ስልኩን አወረደው። «በሩን ሲከፍቱ አያነሱም» አለ።

ሕጉን ያወጣው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አልጠየቅኩትም። እግሬ አውጪኝ ብለን ወጣን። እኔ በነጠላ ጫማ፣ እሱ በባዶ ራሱ፣ ሸሚዙን ሳይቆልፍ። ከቤታችን እስከ ወንዙ ቁልቁል ነው፤ በፀጉር አስተካካዩ በኩል፣ በብረት ቤቱ አጠገብ። ሰዎች ባልና ሚስት እየተባረሩ ነው ብለው ሳይስቁብን አልቀሩም።

ወንዙ ጸጥ ብሏል። ፀሐዩ አሸዋው ላይ ያንጸባርቃል። የአሸዋ ሠራተኞቹ እዚህም እዚያም ተበታትነዋል፤ ወንድሜ ማዶ ዳር፣ ከሁሉም ርቆ ይዝቃል። ባሌ ዳሩ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን እያወናጨፈ «ውጡ! ውሃ ተለቋል፣ ውጡ!» ብሎ ጮኸ። ቅርብ ያሉት ቀና ብለው አዩት።

«ሳይረኑ መች ጮኸ?» አለው አንድ ጠና ያለ ሠራተኛ።

«አይጮህም! ተበላሽቷል!»

«ማን ነው የሚለው?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ ባሌ።

የጮኸውን ሳይሆን ፊቱን አይተው ይመስለኛል፣ አካፋቸውን ትተው መውጣት ጀመሩ። እኔ የወንድሜን ስም እየጠራሁ ነበር። ዞረ። እኔን አየኝ፣ ባሌንም አየው፤ ጋሼ ወንዝ ድረስ መጥቶ ሲያወናጭፍ። ማዶ ስለነበር የምንለው አልገባውም፤ ሳይረኑም አልጮኸም፤ ሳይረኑ ካልጮኸ ደግሞ ምንም የለም። ጥርሱ ሲበራ አየሁ። ዓይኑን ወደ አሸዋው መለሰና መዳፉን ወደ እኛ አነሳ።

ያለውን መስማት አልቻልኩም። ምን እንዳለ ግን አውቃለሁ።

ውሃው እንደ ግድግዳ ቆሞ አልመጣም። ዝቅ ብሎ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ፊቱ ላይ ጭራሮና ላስቲክ እየገፋ መጣ። ወንድሜ ሲያየው አካፋውን ጥሎ ሮጠ፤ ማዶው ቢቀርበውም ወደ እኛ ነው የሮጠው። እርጥብ አሸዋ እግር ይይዛል። ባሌ ዘሎ ሊገባ ሲል ሠራተኞቹ ወገቡን ይዘው አስቀሩት። ወንድሜ መሃል ደርሶ ነበር።

ከዚያ ሳይረኑ ጮኸ። ዳርና ዳር፣ ያለ ምንም እንከን፣ ለረጅም ጊዜ ጮኸ።

ወንድሜን ያገኙት ከድልድዩ በታች ነው። ባሌ ምንም አልደበቀም፤ ኃላፊዋ ፊት፣ መርማሪዎቹ ፊት፣ እናቴ ፊት ሳይቀር የመቀሱንና የወንበሩን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ። ኦፕሬተሩ ስክሪኑ ላይ «የሳይረን ትእዛዝ ተልኳል» የሚል አይቶ እንደነበር መሰከረ፤ ውሸት አልነበረም። እናቴ ሰማችውና «ታዲያ ጠዋት ይህን ብትለው ምን ነበረበት?» አለችው። ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም።

ማስተካከያው ቀላል ነበር አለኝ። የሚጠብቀው ወንበሩን ለቆ ይተኛል፤ መቀስ የያዘው ሥራውን ሲጨርስ ይቀሰቅሰዋል፤ ተራ ፕሮግራሞች ድሮም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የስልኩ ሕግም ተነሳ። አሁን ሳይረኑ ውሃው ሳይመጣ ይጮሃል። በጮኸ ቁጥር ባሌ ያለበትን ትቶ ደጅ ይወጣና ዝም እስኪል ድረስ ቆሞ ይሰማዋል።

እወደዋለሁ። እንዲህ ስል ሰው ይገርመዋል፤ እኔም ይገርመኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የጫማው ኮቴ እንኳ ያንገሸግሸኛል፤ ሁለቱም በአንድ ሆድ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። የክፍሉን በር ራሱ ነቅሎ ጓሮ አስደግፎታል። ኮፍያው የት እንደገባ አላውቅም፤ አልፈለግኩትምም።

እየሠራ እያለ ያለ ምክንያት እጠራዋለሁ። ሻይ ልስጥህ ወይ፣ መርፌዋን አይተሃል ወይ፣ ውጭ ዝናብ ነው ወይ። የያዘውን በግማሽ ጥሎ፣ አንዳንዴም ቃሉን ሳይጨርስ፣ ወዲያው ተነስቶ ይመጣል። አንድ ቀን እንኳ «ቆይ» ብሎኝ አያውቅም።